ጌም ቤቱ፣ ስልኩና የልጆቻችን አእምሮ

ከሮቤ ተነስቶ ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ የሚጓዝ ሰው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ጎሮን ያገኛል። ከተማዋ በእርሻ ማሳ የተከበበች ናት። በዋናው መንገድ ዳር ከተደረደሩት ሱቆች መካከል በሩ ላይ መጋረጃ የተጋረደበት፣ ከውስጡ የኳስ ኮሜንታተር ድምፅና የልጆች ጩኸት የሚሰማበት ጠባብ ክፍል አይጠፋም። ሮቤና ጎባ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለው ክፍል በርከት ይላል። ወላጆች «ጌም ቤት» ይሉታል። በፈረቃ የሚማር ተማሪ ከክፍል ወጥቶ፣ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ፣ ተራውን የሚጠብቀው እዚያ ነው።

ጨዋታው ግን ከጌም ቤት ከወጣ ሰነባብቷል። ስማርት ስልክ በየቤቱ ከገባ ወዲህ፣ በተለይም በ2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት ጀምሮ ለወራት በተዘጉ ጊዜ፣ ፐብጂና ፍሪ ፋየር የመሳሰሉ ጨዋታዎች ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተዋል። ያኔ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የነበሩት ልጆች ለሁለተኛ ደረጃ የደረሱት ስልኩን በእጃቸው ይዘው ነው።

አስተማሪ በነበርንባቸው ዓመታት ከወላጆች በተደጋጋሚ የተጠየቅነው «ልጄን ጌም አሳበደብኝ፣ ምን ላድርግ?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ መስጂድ ይዞ የሄደ አባት አንዳንዴ «ሐራም ነው፣ ስልኩን ቀማው» ይባላል። ጎረቤቷን ያማከረች እናት ደግሞ «ልጅ ነው፣ ተይው ይጫወት፣ ከጫትና ከሺሻ ይሻላል» የሚል ማጽናኛ ታገኛለች። ሁለቱም መልሶች ከልብ የመነጩ ናቸው። ነገር ግን ልጁ ታሟል ወይስ አልታመመም፣ ከታመመስ ምን አሳመመው የሚለውን አይነግሩንም። በዚህ ጽሑፍ ሕክምናው የሚለውን፣ ዲናችን የሚለውንና የእኛ አካባቢ ኑሮ የሚጨምርበትን አንድ ላይ ለማየት እንሞክራለን።

በሽታ የሚባለው የቱ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ያጸደቁት የበሽታዎች ዝርዝር የጌም ሱስን እንደ አንድ የጤና እክል መዝግቧል። ዝርዝሩ ሥራ ላይ የዋለው ከጥር 2022 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት በ2013 የአሜሪካ የሳይካትሪ ማኅበር በራሱ የምርመራ መጽሐፍ ውስጥ ጉዳዩን «ተጨማሪ ጥናት የሚያስፈልገው» ብሎ አስቀምጦት ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠይቃቸው ምልክቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሰውየው ጨዋታውን መቼ እንደሚጀምር፣ ስንት ጊዜ እንደሚጫወትና መቼ እንደሚያቆም ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው ነው። ሁለተኛው ጨዋታው ከሌላው ሁሉ፣ ከምግቡ፣ ከትምህርቱ፣ ከጓደኞቹ እየቀደመ ሲሄድ ነው። ሦስተኛው ጉዳቱን በዓይኑ እያየ መቀጠሉ ነው፤ ፈተና ወድቆ፣ ከቤተሰብ ተጣልቶ፣ ገንዘብ ጨርሶም ይጫወታል። እነዚህ ሦስቱ ተገናኝተው ኑሮውን በግልጽ ሲያበላሹ፣ ያም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል ሲዘልቅ ነው ባለሙያ «እክል» የሚለው። ሁኔታው ከባድ ከሆነ ዓመት መጠበቅ ላያስፈልግ ይችላል።

እዚህ ላይ ወላጆች ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። ከሦስቱ ምልክቶች ውስጥ የሰዓት ቁጥር የለም። ጁሙዓን ሰግዶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሦስት ሰዓት ኳስ ጌም የተጫወተ፣ ማታ ደግሞ የቤት ሥራውን የሠራ ልጅ አልታመመም። በአንጻሩ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ የሚጫወት፣ ያችን አንድ ሰዓት ለማግኘት ግን የሚዋሽ፣ ከቤት ገንዘብ የሚያነሳ፣ ስትቀርበት እቃ የሚሰብር ልጅ ካለ ነገሩ በጊዜ መታየት አለበት።

ስንት ልጆች ናቸው እንዲህ የሚሆኑት? በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ ያሰሉ ተመራማሪዎች ከመቶ ተጫዋች ሁለት ወይም ሦስት ገደማ ብለው ገምተዋል። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል አንድ ወይም ሁለት ልጅ ማለት ነው። ለእነዚያ ልጆችና ለቤተሰባቸው ነገሩ ቀላል አይደለም። ለቀሩት 58ቱ ግን «ታመሃል፣ ሱሰኛ ነህ» ማለት ሐሰት ነው፤ ሐሰት የሰማ ልጅ ደግሞ እውነቱን ስንነግረውም አያምነንም።

የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት 39,000 ያህል ተጫዋቾችን፣ ጨዋታዎቹ ራሳቸው ከመዘገቡት ሰዓት ጋር አያይዘው ተከታትለዋል። ሰዎቹ የተጫወቱበት ሰዓት መብዛቱ ወይም ማነሱ በስሜታቸው ላይ ያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ለውጥ የታየው ለምን እንደሚጫወቱ ሲጠየቁ ነው። ፈልጎ የሚጫወትና «ካልተጫወትኩ አይሆንልኝም» ብሎ የሚጫወት ሰው ውስጣቸው ተለያይቶ ተገኘ። ተሳታፊዎቹ አዋቂዎች መሆናቸው ልብ ይባልና፣ ወላጅ ልጁን ሲጠይቅ «ስንት ሰዓት ተጫወትክ?» ከሚለው በፊት «ደስ ብሎህ ነው ወይስ ማቆም አቅቶህ?» ቢል የተሻለ ነገር ይሰማል።

ተከራይተው የሚማሩት

ስለ ጎሮ ስናወራ የማይዘለል ጉዳይ አለ። ከገጠር ቀበሌዎች የሚመጡ ተማሪዎች ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ከተማ ውስጥ ክፍል ይከራያሉ። ሁለትም ሦስትም ሆነው በአንድ ጠባብ ቤት ይኖራሉ። ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤተሰብ ሄደው ስንቃቸውን፣ ዱቄቱን፣ በሶውንና ሽሮውን ይዘው ይመለሳሉ። ዕድሜያቸው 15 ወይም 16 ነው። ማታ መቼ ተኛህ፣ ራት በላህ ወይ፣ ሱብሒን ሰገድክ ወይ ብሎ የሚጠይቃቸው ትልቅ ሰው አጠገባቸው የለም።

ይህ ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደዚያች ክፍል ሲመለስ የሚጠብቀው ያልታጠበ ብረት ድስትና፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ ጨለማ ነው። ጌም ቤቱ ግን ሰው አለበት። ስሙን ያውቁታል፤ ጎል ሲያገባ ይጮሁለታል። ክፍል ውስጥ መምህሩ ስሙን ሳይጠራው ሳምንት የሚያልፍበት ልጅ፣ እዚያ «አንበሳው!» ይባላል። ወደ ጌም ቤት የሚስበው ኳሱ ብቻ ነው ብለን ካሰብን ልጁን አላየነውም።

ገንዘቡስ? ከስንቅ ጋር የተሰጠው የሳሙናና የደብተር ብር አለ። በባሌ ደግሞ ዓመቱ ሁለት አዝመራ አለው፤ ገናና ቦና እንላቸዋለን። ኮምባይነር ማሳ ሲገባ ጆንያ በመጫንና በማውረድ ጥቂት ብር የሚይዙ ልጆች አሉ። ያ ብር በሳምንት ውስጥ በአምስትና በአሥር ብር እየተቆረጠ ሲያልቅ፣ የሚቀጥለው ሳምንት የሚታለፈው በደረቅ በሶ ነው። አንዳንድ ተማሪ ረቡዕና ሐሙስ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው ሌሊቱን ስለተጫወተ ሳይሆን ስላልበላ ነው። አስተማሪ ይህን ለይቶ ማወቅ አለበት።

ሴት ተማሪዎች ጌም ቤት እምብዛም አይገቡም። የእነሱ ጉዳይ በአብዛኛው ቲክቶክና ቴሌግራም ስለሆነ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ስለ እንቅልፍ ከዚህ በታች የምንለው ግን ለእነሱም ነው።

ሌሊቱ

ከጌም ቤቱና ከስልኩ የቱ ያሰጋል ቢሉን፣ ስልኩ እንላለን። ጌም ቤት ሲመሽ ይዘጋል። ብር ሲያልቅ ያስወጣል። ገቢና ወጪው ሰው ፊት ነው፤ አባትህን የሚያውቅ ሰው በበሩ ያልፋል። ስልኩ ግን አይዘጋም፤ ፍራሽ ላይ ከልጁ ጋር ይተኛል። ሌሊት ላይ ዋጋው የሚቀንስ የኢንተርኔት ጥቅል የሚጠብቅ ልጅ ደግሞ ጨዋታውን የሚጀምረው ሰው ሁሉ ሲተኛ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንዳለበት የእንቅልፍ ሐኪሞች ይመክራሉ። በእኛ አካባቢ ኢሻ ተሰግዶ ሲያበቃ ምሽት 2 ሰዓት ገደማ ይሆናል። የሱብሒ አዛን የሚሰማው ሌሊት 11 ሰዓት አካባቢ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት የተኛ ልጅ ለሱብሒ ሲነሳ 8 ሰዓት ተኝቷል። 4 ሰዓት የተኛ 7 ሰዓት አግኝቷል፤ ቀን ላይ በቀይሉላ ጥቂት ቢጨምርበት ይሞላለታል። ሌሊት 8 ሰዓት ስልኩን ያስቀመጠ ልጅ ግን ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ነው ወይ ለሶላት የሚነሳው፣ ወይ ሶላቱ አልፎት በጥድፊያ ወደ ክፍል የሚሮጠው።

ይህ ለአንድ ቀን ሲሆን ድካም ነው። ለወር ሲሆን ሌላ ነገር ይሆናል። እንቅልፍ ያጣ ጎረምሳ በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ ያነበበው አይያዝለትም፣ ያለ ምክንያት ያለቅሳል፣ ነገን ጨለማ አድርጎ ያያል። እነዚህ ሁሉ ከድብርት ምልክቶች ጋር ይመሳሰላሉ፤ ድብርትንም ያባብሳሉ። «ጌም ጠባዩን ቀየረው» ከሚባለው ውስጥ ብዙው እንቅልፍ ማጣት ነው ብለን እናምናለን። በጉርምስና ዕድሜ የሰውነት ሰዓት ራሱ ወደ ማምሸት ያዘነብላል፤ ልጁ «እንቅልፍ አልመጣልኝም» ሲል ሁልጊዜ እየዋሸ አይደለም። አጠገቡ የሚያብረቀርቅ ስልክና ተኩስ ያለበት ጨዋታ ሲጨመርበት ግን ያ ትንሽ ዝንባሌ ሙሉ ሌሊት ይሆናል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከኢሻ በፊት መተኛትን፣ ከኢሻ በኋላ ደግሞ ያለ ጉዳይ ወሬ ይዞ መቀመጥን ይጠሉ እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። ዑለማዎች ምክንያቱን ሲያብራሩ አንዱ የሱብሒ ሶላት እንዳያልፍ ነው ይላሉ። ዛሬ ያ የማታ ወሬ መልኩን ቀይሮ በጆሮ ማዳመጫ ነው የሚመጣው። ልጁ ናዝሬት ካለ፣ ሐረር ካለ ልጅ ጋር በአንድ ቡድን እየተኮሰ ያወራል።

«ተሸናፊ ይከፍላል»

ጨዋታ በኢስላም ከመሠረቱ የተወገዘ ነገር አይደለም። በዒድ ቀን ሐበሾች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ በጦር ሲጫወቱ፣ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከነቢዩ ትከሻ ኋላ ሆና እስክትጠግብ ማየቷ በሰሒሕ ሐዲስ የተላለፈ ነው። ተጫዋቾቹ የእኛው አገር ሰዎች ናቸው። ሐንዞላ የተባለው ሶሓባ ከነቢዩ ዘንድ ሲሆን የሚሰማው ነገር ቤቱ ከልጆቹ ጋር ሲሆን ስለሚቀንስበት ሙናፊቅ ሆንኩ ብሎ በተጨነቀ ጊዜም፣ ለዚያም ለዚህም ጊዜ እንዳለው ተነግሮት ተጽናንቷል። ኢማም አል-ገዛሊ ከ900 ዓመት በፊት ስለ ልጆች አስተዳደግ ሲጽፉ፣ ከቁርኣን ቤት የተመለሰ ልጅ መልካም ጨዋታ ተጫውቶ ድካሙን እንዲወጣ መፈቀድ አለበት ብለዋል። ጨዋታ ተከልክሎ ሁልጊዜ ትምህርት ብቻ የሆነበት ልጅ ልቡ ይሞታል፣ ብልህነቱም ይጠፋል፣ ከትምህርቱም ማምለጫ ብልሃት ይፈልጋል የሚል ሐሳብ አላቸው። በባሌ ፈረስ ጋልበው ጉግስ የተጫወቱ አባቶች ይህን ከመጽሐፍም ባያነቡት ያውቁታል።

ድንበሩ የት ነው ለሚለው፣ በአካባቢያችን የሚከተሉት የሻፊዒ መዝሀብ ስለ ሰንጠረዥ ጨዋታ የሰጠው ፍርድ ጥሩ መነሻ ነው። ኢማም አን-ነወዊ ሰንጠረዥን በሻፊዒዮች ዘንድ መክሩህ ይሉታል። ሶላትን ከወቅቱ ካሳለፈ ወይም ገንዘብ ከተያዘበት ግን ሐራም ይሆናል። አብዛኞቹ የዘመናችን ዑለማዎችም የስልክና የቴሌቪዥን ጨዋታን ሲያዩ በሁለቱ ነገሮች ላይ ያተኩራሉ፤ የጨዋታው ይዘት ራሱ ከዲን የሚጋጭ እንዳይሆን የሚለውን ይጨምሩበታል።

ገንዘብ የተያዘበት የሚለው ብዙ ልጆች የማያስተውሉት ነው። «አንተ ቁማር ትጫወታለህ ወይ?» ብትለው ይደነግጣል፤ «ወላሂ አልጫወትም» ይላል። ጌም ቤት ግን የተለመደው ሕግ ተሸናፊ ይከፍላል የሚል ነው። ሁለት ልጆች ይቀመጣሉ፣ የተሸነፈው የሁለቱንም ሒሳብ ይከፍላል፣ ያሸነፈው በነጻ ይቀጥላል። በፑልና በጆተኒም ያለው ይኸው ነው። እያንዳንዱ ወይ ሊያተርፍ ወይ ሊከስር ገብቷልና ብዙ ዑለማዎች ይህን ቂማር ውስጥ ያስገቡታል። የሱረቱል ማኢዳ 90ኛና 91ኛ አንቀጾች ቁማርን ሲከለክሉ ምክንያቱንም አስቀምጠዋል፤ ጥላቻንና ጠብን መዝራቱ፣ ከአላህ ዚክርና ከሶላት ማገዱ። በጌም ቤት በር ላይ የሚነሳውን ድብድብ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ተፍሲር አያስፈልገውም። መፍትሔው ደግሞ ቀላል ነው፤ ሁሉም የየራሱን ይክፈል። አንድ የመድረሳ ኡስታዝ ይህን በአምስት ደቂቃ ለልጆች ሊያስረዳ ይችላል፣ «ጌም ሐራም ነው» ከሚል የግማሽ ሰዓት ተግሣጽም ይበልጥ ይሰማል።

ተሸናፊ ይከፍላል የሚለው ልማድ የአእምሮ ጉዳትም አለው። የተሸነፈ ልጅ ተነስቶ አይሄድም፤ የከሰረውን ለማስመለስ ይቀመጣል። ከጌም ቤት ወደ ስፖርት ውርርድ ቤት ያለው መንገድ ከዚህ የተነሳ አጭር ነው፤ ኳሱ ያው ነው፣ ስሜቱም ያው ነው።

በስልኩ በኩል ደግሞ የተደበቀ ሌላ ቁማር አለ። አንዳንድ ጨዋታዎች ውስጥ ልጁ በገንዘብ «ዳይመንድ» ይገዛል፣ በዳይመንዱ ሳጥን ይከፍታል፣ ከሳጥኑ ምን እንደሚወጣ ግን አያውቅም። አንዴ የሚያምር ልብስ ወይም መሣሪያ ይወጣል፣ ዘጠኝ ጊዜ ተራ ነገር። መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሽልማት ሰውን ከመደበኛ ሽልማት ይልቅ አጥብቆ እንደሚይዝ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል። የጨዋታ ኩባንያዎችም ያውቁታል። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ያሉትን ሳጥኖች በቁማር ሕጓ አግዳለች። የቴሌብር የምስጢር ቁጥራቸውን ለልጅ የሰጡ አባቶች ሒሳባቸውን አንዴ ቢያዩት አይከፋም።

ጨዋታው ማምለጫ ሲሆን

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የወጡትን ውጤቶች እናስታውስ። 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014ቱ ፈተና 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2 ከመቶ፣ በ2016 5.4 ከመቶ ነበሩ። ከመቶ ተማሪ 95 ያህሉ ወደቁ ማለት ነው። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ቁጥር ያውቀዋል። ታላቅ ወንድሙ ወድቆ ቤት ተቀምጧል፤ የአክስቱ ልጅ ደግሞ ተመርቆ ሥራ አላገኘም። ከገጠር ስንቅ የምትልክለት እናቱ ግን አሁንም «ዶክተር ልጄ» ትለዋለች።

እንዲህ ያለው ልጅ ወደ ጌም ሲሸሽ ሞኝ ሆኖ አይደለም። ጌም ውስጥ የደከመ ውጤት ያገኛል። ዛሬ ብትሞት ከሁለት ደቂቃ በኋላ እንደገና ትጀምራለህ። ደረጃህ ይወጣል፣ ሁሉም ያየዋል። ትምህርቱ ውስጥ የጠፋው ተስፋ እዚያ በትንሽ በትንሹ ይቀመስለታል። ስለዚህ ሁልጊዜ ጌሙ አሳዘነው ማለት አይቻልም፤ ብዙ ጊዜ ያዘነው ልጅ ነው ወደ ጌም የሄደው። ከሄደ በኋላ ግን እንቅልፉና ትምህርቱ ይበላሹና ሐዘኑ ይጨምራል፣ ሐዘኑም እንደገና ወደ ስልኩ ይመልሰዋል። ከዚህ ዙሪያ ስልኩን ብቻ አውጥተን ሐዘኑን ከተውነው፣ ልጁ ሌላ መሸሸጊያ ይፈልጋል። በባሌ ከተሞች ሌላው መሸሸጊያ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት 12 ሰዓት በኮምፒውተር የኢንተርኔት ጨዋታ እንዳይጫወቱ በሕግ ከልክላ ነበር። ልጆቹ ወደ ስልክ ዞሩ፤ ሕጉ በ2021 እንዲሻር ተወሰነ። ቻይና በዚያው ዓመት ከ18 ዓመት በታች ላሉት በሳምንት ሦስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ብቻ ፈቅዳለች። እንዲህ ያለ ሕግ ለማስከበር የቻይናን ያህል መንግሥትና መታወቂያ ይጠይቃል፤ እኛ ግን በእጃችን ባለው ነው የምንሠራው።

በእጃችን ያለው

ስልክ መስበር አይጠቅምም። ስልኩ ቢሰበር የሚሰበረው በልጁና በአባቱ መካከል ያለው ነው። የጓደኛው ስልክ አለ፣ ጌም ቤቱ አለ። ዱላም እንዲሁ።

የሚጠቅመው ስልኩ ማታ ሌላ ክፍል እንዲያድር ማድረግ ነው። ይህን ስንል ሁሌ የምንሰማው መልስ «ለሱብሒ አላርም ነው የማሳድረው» የሚል ነው። ባለ ቁልፍ አሮጌ ስልክ ለአላርም ይበቃል። አባትም የራሱን ስልክ አብሮ ቢያሳድር ልጁ ክርክር ያጣል። ተከራይተው ለሚማሩ ልጆች ደግሞ ሦስቱ ተስማምተው ከ4 ሰዓት በኋላ ስልካቸውን አንድ ሳጥን ውስጥ ቢያስቀምጡ ይሠራል፤ ይህን ያደረጉ ተማሪዎች አይተናል፣ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል።

የጨዋታውን ርዝመት ማወቅም ይጠቅማል። የፐብጂ አንድ ጨዋታ 30 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ የፍሪ ፋየር 10 ደቂቃ ገደማ። በኢንተርኔት የሚጫወቱት ጨዋታ መሃል ላይ ቆሞ አይጠብቅም፤ የወጣ ልጅ ቡድኑን ያስሸንፋል። እናት «ና አሁኑኑ!» ስትለው የሚቆጣው ስለዚህ ነው። «መግሪብ ሊል ግማሽ ሰዓት ሲቀረው አዲስ አትጀምር» የሚል ስምምነት አስቀድሞ ቢደረግ ግን ልጁ ሊያከብረው የሚችል ነገር ነው፣ ሶላቱም በጀመዓ ይሆናል።

ከመግሪብ እስከ ኢሻ ያለው ጊዜ ሌላ ነገር እንድናስብ ያደርገናል። ተከራይ ተማሪ መብራት፣ ወንበርና ሰው ይፈልጋል ብለናል። መስጂዶቻችንና መድረሳዎቻችን በዚያ ሰዓት ክፍል አላቸው። የሒሳብና የእንግሊዝኛ ጥናት ከቁርኣኑ ጎን ቢከፈት፣ ከመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የሚመጡ የከተማዋ ልጆች ለታናናሾቻቸው ቢያስረዱ፣ ወጪው የጠመኔና የአምፖል ነው። የመስጂድ ኮሚቴዎች ዘንድ የሚነሳው ሥጋት ልጆች ይረብሻሉ የሚል ነው። ይረብሻሉ፣ አዎ።

የጌም ቤት ባለቤቶችን ከጠላት መቁጠርም አይገባም። ብዙዎቹ ሥራ አጥተው ሁለት ቴሌቪዥን ይዘው የተቀመጡ፣ ከጎናችን የሚሰግዱ ወጣቶች ናቸው። በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ እንዳይገባ፣ በጁሙዓ ሰዓት እንዲዘጋ፣ ተሸናፊ ይከፍላል የሚለው እንዲቀር የሰፈር ሽማግሌዎችና ወላጆች ሄደው ቢያነጋግሯቸው የሚሰሙ አሉ። በነገራችን ላይ ጌም እንጀራ የሚሆንለት ልጅም ይኖራል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ጌምስ የተባለ ድርጅት ገበጣን የመሰሉ የአገራችን ጨዋታዎችን ለስልክ ሠርቷል። ኮምፒውተር ላይ ዝንባሌ ያለውን ልጅ ወደ መሥራቱ መምራት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የማይመለስ ልጅ ካለ፣ ከላይ የጠቀስናቸው ሦስቱ ምልክቶች ካሉበት፣ ወይም ጌም ይኑርም አይኑር ለሁለት ሳምንት ያህል ምንም ነገር ደስ ካላለው፣ ካልበላ፣ ከሰው ከሸሸ፣ ወደ ሕክምና ይወሰድ። «ጂን ይዞት ነው» የሚል ቤተሰብ ሩቅያውን ይቀጥል፤ ሩቅያ ሕክምናን አይከለክልም፣ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል። መነሻው ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ ወደ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ጎባ ወዳለው ሪፈራል ሆስፒታል ይላካል። ልጁ ስለ መሞት ካወራ፣ «ባልኖር ይሻል ነበር» ካለ ወይም ራሱን ከጎዳ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ብቻውን እንዳይሆን ተደርጎ፣ የእርሻ መድኃኒትና ገመድ ከአጠገቡ ርቆ፣ በዚያው ቀን ይሂድ። እንዲህ ያለ ቃል የተናገረ ልጅ «ሊያስፈራራን ነው» ወይም «ኢማኑ ደክሞ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ወላጅ ለባለሙያው ሦስት ነገር ይዞ ቢሄድ ይረዳል፦ ልጁ ባለፈው ሳምንት በየቀኑ መቼ ተኝቶ መቼ እንደተነሳ፣ ምን ምን ነገር እንደተወ፣ ለውጡ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደታየ። ልጁም የተወሰነውን ጊዜ ወላጁ ውጭ ሆኖ ብቻውን ከባለሙያው ጋር እንዲያወራ ይፈቀድለት።